የሦስት በርጩማ ብርሃን

ሽቦው በጣራችን በላይ ነው የሚያልፈው፤
ከግድቡ ተነሥቶ ጅማ ነው የሚያድረው።
ዝናብ ሲያካፋበት እንደ ቀፎ ይጮሃል፣
ባለ ብረቱ እግር ማሳችን ላይ ቆሟል፤
ለእኛ ግን ጠብ አላለም።
ሪሃና ልጄ፣ ገና ጥርሷን ሳትነቅል፣
ጆሮዋን ወደ ሰማይ ጥላ፣
«አባ፣ ዛሬ ስንት አምፖል አለፈ?» ትለኝ ነበር።

እኔ በርጩማ ጠራቢ ነኝ።
ዋንዛ ሲገኝ ከዋንዛ፣ ሲታጣ ከተገኘው፣
ከአንድ ጉማጅ ሦስት እግር እፈለፍላለሁ።
ሐሙስ ሐሙስ ተሸክሜ ሂርማታ እወርዳለሁ፤
አንዱ ለጨው፣ አንዱ ለሳሙና፣
ከሦስተኛው ላይ ላምባ፣
በሃይላንድ፣ ክዳኑ በፌስታል ተወትፎ፣
ባጃጅ ውስጥ ሰው ሁሉ አፍንጫውን የሚይዝብኝ።

ኩራዝ የሰጠህን ያህል ይወስድብሃል።
ጠዋት ልጆቹ ሲናፈጡ ጥቁር፣
ግድግዳው ጥቁር፣
የሪሃና የሳይንስ ደብተር ጫፉ የተበላ፣
«ሳንባ» ከሚለው ርእስ ላይ።

አንድ ሐሙስ ከጫማ ሻጮቹ ጥግ
ነጂብ የሚሉት ልጅ ሸራ ዘርግቶ፣
መዳፍ የምታህል ሰሌዳ፣ አንዲት ፋኖስ፣ ቀጭን ገመድ ይዞ፣
«ነዳጇ ፀሐይ ናት» ይላል።
«ዕድሜዬን በነጻ ያቃጠለችኝን ደግሞ ከፍዬ ልግዛት?» አልኩት።
የቆመው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።
«አባባ፣ ላምባ በሳምንት የስንት ይገዛሉ?»
እኔ በጣቴ ቆጠርኩ፣ እሱ በስልኩ፤
የእሱ ቁጥርና የእኔ ጣት አንድ ቦታ ተገናኙ፣
እዚያ ቦታ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ፤
ዐሥር ዓመት ሙሉ ጭስ ስሸምት ኖሬ!
ዋጋዋ ሦስት በርጩማ ነበር።
የያዝኩት ሁለት።
ሁለቱን ከነእግራቸው ተቀበለኝ፣
ሦስተኛውን በቃሌ።

በመጀመሪያዋ ሌሊት እልል ያለ የለም።
ቤቱ ዝም አለ።
ብርሃኑ ነጭ ነው፣ ይሉኝታ አያውቅም፤
በምሰሶው ላይ የምስጥ መንገድ፣
ካምና የጠፋው ማንኪያ ከአልጋ ሥር፣
ከሸምሲያ ሻሽ ያመለጠ ሽበት።
መቼ አበቀልሽው ልላት ብዬ ተውኩት፤
እሷም ፊቴን አይታ አንድ ነገር ተወች።
ደግሞ የተቀመጥኩበትን በርጩማ ገለበጥኩት፤
ከላይ ልሙጥ፣ ከሥር እሾህ የመሰለ።
ስንት ሰው በስንፍናዬ ላይ ተቀመጠ፣
እኔ ጨለማውን ሳሳብብ!
መሮዬን አነሣሁ።

ሐምሌ ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣
ፀሐይዋም እንደ እኔ ዕዳ ገባች።
ሦስት ቀን ከጣለ ፋኖሷ እንደታመመ ዐይን ትሆናለች፤
ሪሃና ሁለት ጥያቄ ትሠራለች፣
በሦስተኛው ድርግም።
ኩራዙን አልጣልኩትም። መደርደሪያው ላይ አለ፣
እንደተኳረፉት ዘመድ፣
አንድ ቀን እንደሚፈለግ ዐውቆ የሚኮራ።

የጎረቤታችን የነኢማ ላም ምጥ የጠናባት ሌሊት
ሪሃና ፋኖሷን ከቤት ሥራዋ ላይ አንሥታ ሰጠች።
ጎህ ሲቀድ ተመለሰች፤
እጀታዋ ላይ ጭቃ፣ መስታወቷ ላይ እንገር።
ለሦስት ቀን እንገር እንገር የሚል ብርሃን አበራን።

ሽቦው ዛሬም ያልፋል። አልተቀየምነውም፣
መንገደኛ ነው።
አንዳንድ ማታ ጅማ መብራት ይጠፋበታል፤
ከኮረብታችን ላይ እናየዋለን፣
ከተማው በአንዴ እንደጨፈነ ዐይን።
ሪሃና ያኔ ደጅ ወጥታ ፋኖሷን ከፍ ታደርጋለች።
«ያዩናል?»
እኔ ምን ዐውቄ።

ነጂብ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ገበያ አልወጣም።
አጋሮ ነው ይላሉ፣ አንዳንዱ ቦንጋ።
ሦስተኛው በርጩማ ከበሩ ጥግ ይጠብቀዋል፤
እንግዳ ቢመጣም አይቀመጥበትም።
ዋንዛ ነው።
ገልብጦ ቢያየው፣
ከሥርም ልሙጥ ነው።